ሆድ አይቶ «ወንድ ነው፣ ሴት ናት» ማለት

አባቶቼና እናቶቼ! ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ እርጉዝ ሴት ነው። «ይኼ ልጅ ሳያገባ ሳይወልድ ስለ እርግዝና ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ይበል። እኔ የምጽፈው በትምህርት ቤት የተማርኩትን ነው።

በደንዲም ሆነ በሌላው አገራችን የአንዲት ሴት ሆድ ገፋ ሲል ገማቹ ብዙ ነው። ሆዷ ወደ ፊት ሾል ካለ ወንድ ነው ይባላል። ወደ ጎን ከሰፋ ሴት ናት። በቀኝ በኩል ከተራገጠ ወንድ፣ በግራ ከሆነ ሴት። ፊቷ ማዲያት ካወጣ ደግሞ «ሴት ልጅ ናት፣ የእናቷን መልክ ወሰደችባት» ይባላል። አንዷ ጎረቤት ወንድ ስትል ሌላዋ ሴት ትላለች። ሁለቱም የሚያዩት ያንኑ አንድ ሆድ ነው!

የሆድ ቅርጽ የሚለያየው በሌላ ምክንያት ነው። የመጀመሪያዋን ያረገዘች ሴት የሆዷ ጡንቻ ጠንካራ ስለሆነ ሆዷን ወደ ላይ ይይዘዋል። አራትና አምስት የወለደች ሴት ጡንቻዋ ስለላላ ሆዷ ይወርዳል፣ ይሰፋል። የልጁ አተኛኘትም አለበት። ማዲያት የሚመጣው በእርግዝና ጊዜ በሰውነቷ ውስጥ ከሚበዛው ሆርሞን ከሚባል ነገር ነው። ወንድ ያረገዘችም ታወጣለች፣ ሴት ያረገዘችም ታወጣለች።

«እኔ ግን ገምቼ ልክ ሆኛለሁ» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው። ወንድ ወይም ሴት እንጂ ሌላ የለም። ዓይኑን ጨፍኖ የሚገምት ሰውም ከአሥሩ አምስቱን ያህል ያገኛል። ያገኘውን በየቡናው ያወራል፤ የሳተውን ይረሳዋል። አሁን እኮ መጻፍ ችላችኋል። እስቲ ግምታችሁን ልጁ ሳይወለድ ደብተር ላይ ጻፉት። ቀኑንም ጻፉ። ሃያ ልጅ እስኪወለድ ቆዩና ቁጠሩ። ከዚያ በኋላ እንከራከር።

ታዲያ ጨዋታ ሆኖ ቢቀር ምን ክፋት አለው? ምንም። ክፋቱ የሚጀምረው «ወንድ ነው» ሲባል የከረመው ልጅ ሴት ሆና ስትወለድ ነው። እልልታው ያንሳል። ባል ያኮርፋል። ሦስተኛዋም አራተኛዋም ሴት ከሆነችማ «ይህች ወንድ አትወልድም» ይባልና ሌላ ሚስት ይፈለጋል። እናትየዋ አራስ ቤት እንደተኛች ጥፋተኛ ትሆናለች። ይህ ነገር እኔን ያንገበግበኛል።

ምክንያቱም የልጁ ጾታ የሚለየው ከአባት በሚመጣው ዘር ነው። የእናት እንቁላል ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ምልክት ይይዛል፤ ሳይንስ ኤክስ ይለዋል። የአባት ዘር ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ ግማሹ ኤክስ፣ ግማሹ ዋይ ይይዛል። እንቁላሉን ያገኘው ኤክስ የያዘው ከሆነ ሴት ትወለዳለች። ዋይ የያዘው ከሆነ ወንድ ይወለዳል። ኔቲ ስቲቨንስ የተባለች አሜሪካዊት ሳይንቲስት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1905 ዱቄት ውስጥ የሚራባ ትል በማይክሮስኮፕ መርምራ ነው ይህን ልዩነት ያሳየችው።

በጊንጪ ጥቁር አፈር ላይ ጤፍ ዘርቶ «ለምን ስንዴ አላበቀልክም?» ብሎ መሬቱን የሚቆጣ ገበሬ አለ? (ምሳሌዬ ሙሉ አይደለም። እናት መሬት ብቻ አይደለችም፤ የዘሩን ግማሽ እሷም ታዋጣለች።) አባትም ቢሆን መርጦ አይሰጥም፤ እሱም አይወቀስ። በላምና በኮርማም እንዲሁ ነው። በዶሮ ግን ይገለበጣል፤ የጫጩቱን ጾታ የምትለየው እናቲቱ ናት። ሚስቱን ለመውቀስ ምክንያት ያለው አውራ ዶሮ ብቻ ነው!

የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛም ይህን አላወቀም። ወንድ ወራሽ አጣሁ ብሎ የመጀመሪያ ሚስቱን ካተሪንን ተለያት። ሁለተኛዋ አን ቦሊን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1533 ሴት ወለደች፤ በ1536 በክህደት ተከሳ አንገቷ ተቀላ። ያቺ ሴት ልጅ ኤልሳቤጥ ግን አድጋ ከ1558 እስከ 1603 እንግሊዝን ገዛች። በእኛም አገር የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም. ነግሣለች።

«መሬቴን ማን ይወርሳል?» ለምትሉ፣ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴት በመሬትም በውርስም ከወንድ እኩል መብት አላት ይላል። አንብቡት።

ጾታውን ለማወቅ የጓጓ ካለ፣ አልትራሳውንድ የሚባል መሣሪያ አለ። ከአምስተኛ ወር ገደማ ጀምሮ ብዙ ጊዜ ያሳያል። እሱም አንዳንዴ ይስታል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። የእርጉዟ ፊት ሲያብጥ «ሴት ልጅ ስለሆነች ነው» ተብሎ ዝም ከተባለ ነገሩ ሞት ሊያመጣ ይችላል። ከአምስተኛ ወር በኋላ ፊቷና እጇ በድንገት ካበጠ፣ ራስ ምታቱ አልለቅ ካላት፣ ዓይኗ ከደበዘዘባት ወይም ከጎድኗ ሥር በኃይል ካመማት፣ ይህ በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት ምልክት ሊሆን ይችላል። ሲብስ ያንቀጠቅጣታል፤ እናትንም ልጅንም ይገድላል። በጤና ጣቢያ ክንዷ ላይ መለኪያ አስረው፣ ሽንቷንም መርምረው ቶሎ ይለዩታል። መድኃኒትም አለው። የገበያ ቀን ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የምትመጣበት ቀን አይጠበቅም። ያንኑ ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ጊንጪ ወይም ወደ አምቦ ትወሰድ።