የካሜራ ማርክ ክርክርና የደረሰኙ ነገር

በከተማችን በጊንጪ ፎቶግራፍ በማንሣት የሚተዳደሩ ወጣቶች በተሰበሰቡበት ሁሉ አንድ የማያልቅ ክርክር አለ፤ ይኸውም ከካኖን፣ ከኒኮንና ከሶኒ ካሜራዎች የሚበልጠው የትኛው ነው የሚለው ነው። ገሚሱ የሴንሰሩን ጥራት፣ ገሚሱ የኦቶፎከሱን ፍጥነት እያነሣ ይሟገታል። ነጋዴው ግን ይህን ሰምቶ ፈገግ ብሎ ያልፋል፤ ለእርሱ የሚሸጥለት ሁሉ ጥሩ ነውና። እኔ በንግድ ቤት ጸሐፊነት የምሠራ፣ የደንበኛ ደብዳቤ ስጽፍና ደረሰኝ ስቈርጥ የምውል ሰው በመሆኔ ክርክሩን የወጣቶች ጨዋታ አድርጌ ልተወው አልቻልሁም። ሐሳቤም ይህ ነው፤ ዛሬ በሦስቱ ማርኮች መካከል ያለው የሴንሰር ልዩነት ሻጩ ከሚያጋንነው እጅግ ያነሰ ሲሆን፣ በአሮጌውና በአዲሱ ኦቶፎከስ መካከል ያለው ልዩነት ግን ሻጩ ከሚናገረው እጅግ የበለጠ ነው። እኛ የምናስመጣውና ዋጋ የምንተምነው በመጀመሪያው ነው።

ስለ ገንዘቡ እናስብ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ፣ አስቀድሞ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ስለዚህ በውጭ አገር 1,000 ዶላር የሚሸጥ ካሜራ፣ ቀረጡና ማጓጓዣው ሳይታሰብ፣ ከ57,000 ብር ተነሥቶ ከ100,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ይህንንም የሚከፍለው የአዲስ አበባ ባለ ትልቅ ስቱዲዮ ብቻ አይደለም። ዕቁብ ወጥቶለት፣ ከአጎቱ ተበድሮ፣ አንዳንዴም አባቱ በሬ ሸጦለት ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ የጊንጪ፣ የአምቦና የጉደር ልጅ ነው። የማይሆነውን ዕቃ ይዞ ከተመለሰ ለጥር ሠርግ የተቀበለውን ቀብድ ይመልሳል፤ ዕዳው ግን አይመለስለትም።

ሴንሰር የሚባለው በፊልም ፈንታ የገባ ብርሃን ተቀባይ ሰሌዳ ነው። ሻጩ ስለ እርሱ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስንት ሜጋፒክስል እንደ ሆነ። ነገር ግን ዛሬ 108 ሜጋፒክስል የተጻፈባቸው ስልኮች አሉ፤ 24 ሜጋፒክስል ያለው ጥሩ ካሜራ ግን በመብራት በሚሠራ አዳራሽ ውስጥ ከእነርሱ የጠራ ሥዕል ያወጣል። ምክንያቱ ስፋቱ ነው። ፉል ፍሬም የሚባለው ሰሌዳ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ሆኖ 864 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሸፍናል፤ በአነስተኞቹ የኒኮንና የሶኒ ካሜራዎች ያለው ደግሞ 367 ያህል ነው። የፒክስሉን ቍጥር ብቻ ማየት የጤፍ ነጋዴ ጆንያውን ቈጥሮ ሚዛኑን እንደ መተው ነው፤ በጊንጪ ገበያ እንዲህ የሚገዛ ነጋዴ አላየሁም።

የኒኮን ወዳጆችና የሶኒ ወዳጆች እርስ በርስ ሲዘላለፉ ስሰማ አንዳንዴ እስቃለሁ። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣውና በጥራቱ የተደነቀው ባለ 36 ሜጋፒክስል የኒኮን ዲ800 ሴንሰሩ በሶኒ የተሠራ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ኒኮን ብዙውን ጊዜ ከዚያው ከሶኒ ፋብሪካ ሲገዛ ቈይቷል። ካኖን የራሱን ይሠራል። በእርግጥም እንደ 5ዲ ማርክ 2ና ማርክ 3 ያሉት የቀድሞ ካኖኖች በጥላ ውስጥ የተነሣውን ሥዕል በኮምፒዩተር ለማንጣት ሲሞከር ሽንትር ያለው መስመር ያወጡ ነበር። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ በወጡት እንደ 5ዲ ማርክ 4 ባሉት ይህ ጉድለት በብዛት ታርሟል። ስለዚህ የካኖን ሴንሰር ደካማ ነው የሚለው ወሬ ስለ አሮጌዎቹ እውነት፣ ስለ አዲሶቹ ግን ሐሜት ነው።

የጥላ ነገር ለእኛ አገር ቀላል አይደለም። ደንበኞቻችን በበዓልና በሠርግ ቀን ነጭ ነጠላ ይለብሳሉ፤ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂም ጥቍር ካባ ለብሶ በጠራራ ፀሐይ ይቆማል። ካሜራው ነጩን ነጠላ አይቶ ብርሃኑን ሲቀንስ የሙሽራዪቱ ጠይም ፊት ይጨልማል፤ ለፊቷ ሲያስተካክል ደግሞ የጥበቡ ጥልፍ ነጥቶ ይጠፋል። በዚህ ላይ የድንኳኑ ሸራ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ እንደ ሆነ ፊት ሁሉ ያንኑ ቀለም ይይዛል። ፋብሪካዎቹ ይህን አስበው አልሠሩም። የኮዳክ ፊልምና የማተሚያ መኪና ቀለም ለብዙ ዓመታት የሚስተካከለው የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶግራፍ ባለበት ካርድ ነበር። በኋላ የኮዳክ ሰዎች ራሳቸው እንደ ተናገሩት፣ የቡናማ ቀለምን ልዩነት የሚለይ ፊልም እንዲሠራ ፋብሪካውን ካነሣሡት መካከል ዋነኞቹ የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ነበሩ፤ ዕቃቸው በማስታወቂያ ላይ በሚገባ አልታይ ቢላቸው አቤት አሉ። ነጋዴዎች ሆይ፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ። የሰው ፊት ያላስገኘውን ማሻሻያ የደንበኛ አቤቱታ አስገኘው። እኛም ማዘዣ ከመጻፋችን በፊት አንድ ነጠላ የለበሰ ሰው በሱቁ ደጅ፣ ግማሹ በፀሐይ ግማሹ በጥላ፣ አቁመን ካሜራውን ብንፈትነው ምን ይከለክለናል?

አሁን ወደ ኦቶፎከስ እመጣለሁ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነውና። መስተዋት ባለው በቀድሞው ካሜራ ርቀቱን የሚለካው ከመስተዋቱ በታች የተቀመጠ ሌላ ትንሽ መሣሪያ ነው። አንሺው ዓይኑን በመመልከቻው ላይ አድርጎ ፎቶግራፍ ሲያነሣ ይህ መሣሪያ ፈጣን ነው። ቪዲዮ ለመቅረጽ መስተዋቱ ወደ ላይ ሲነሣ ግን ብርሃን አያገኝም፤ ከዚህም የተነሣ ካሜራው ሌንሱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያመላለሰ ጥራቱን በዳበሳ ይፈልጋል። ካኖን በ2013 እ.ኤ.አ. በ70ዲ ካሜራ ላይ እያንዳንዱን ፒክስል ለሁለት ከፍሎ ሴንሰሩ ራሱ ርቀት እንዲለካ አደረገ። ሶኒም በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ኤ7 ማርክ 3 በሰሌዳው ላይ 693 መለኪያ ነጥቦችን አስቀመጠ፤ በሚቀጥለውም ዓመት በፕሮግራም ማሻሻያ የሰውን ዓይን ሳይለቅ እንዲከተል አደረገው። ኒኮን በመስተዋት ካሜራዎቹ ላይ ይህን ዓይነት የቪዲዮ ኦቶፎከስ ያገኘው በ2020 እ.ኤ.አ. በዲ780 ነው፤ ፓናሶኒክ ደግሞ እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ዘግይቷል።

ይህ በሠርግ ቤት ምን ማለት እንደ ሆነ ሠርግ የጠራ ሁሉ ያውቃል። ሙሽራውና ሙሽሪት በእልልታ መካከል ወደ ካሜራው ሲራመዱ ሚዜው ከፊት ያልፋል፣ ሕፃን ይገባል፣ የአንዷ እናት ነጠላ ይውለበለባል። አሮጌው ካሜራ ነጠላውን ተከትሎ ይሄዳል፤ አዲሱ የሙሽራዪቱን ዓይን ይዞ ይቀራል። ያ ሰዓት ደግሞ አይደገምም። የዛሬ ደንበኛ ከአልበሙ ይልቅ ቪዲዮውን ስለሚጠይቅ፣ የባለሙያው እንጀራ ያለው በዚህ ላይ ነው።

ዓዋቂ አንሺ ኦቶፎከስ አያስፈልገውም፤ የጥንቶቹ በእጃቸው እያስተካከሉ ድንቅ ሥራ ሠርተዋል የሚሉ አሉ። ቤድሮስ ቦያጂያን የተባለው አርመናዊ የዳግማዊ ምኒልክን ፎቶግራፍ ሲያነሣ፣ ልጆቹም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሙያውን ሲቀጥሉ ኦቶፎከስ አልነበራቸውም፤ ይህ የታወቀ ነው። ነገር ግን ንጉሡ በዙፋናቸው ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። የጊንጪ ሚዜ አይጠብቅም።

ከዚህ በኋላ የደረሰኙ ጕዳይ ይመጣል። ከከተማችን ወጣቶች አንዱ ስሙን ከማልጠቅሰው ሱቅ «አዲስ ነው» ተብሎ አንድ ካሜራ ገዛ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ መዝጊያው እየተያዘ አስቸገረው፤ በኮምፒዩተር ቢያስቈጥረው ከ90,000 በላይ ምት ሠርቶ ተገኘ። የካሜራ መዝጊያ እንደ መኪና ኪሎ ሜትር የሚቈጠር ነገር ነው፤ ለምሳሌ የካኖን 5ዲ ማርክ 3 መዝጊያ በፋብሪካው የተፈተነው ለ150,000 ምት ነው። ወጣቱ የአቤቱታ ደብዳቤ እንድጽፍለት ወደ እኔ መጣ። ደረሰኙን አሳየኝ አልሁት። «ካሜራ — 1» ይላል፤ ሌላ ቃል የለበትም። በዚህ ደረሰኝ ምን ዓይነት ደብዳቤ ይጻፋል? ሞዴሉ አልተጻፈ፣ አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑ አልተጻፈ፣ የዋስትናው ዘመን አልተጻፈ። ያገለገለ ዕቃ መሸጥ ነውር አይደለም፤ ብዙዎቻችን ያለ እርሱ ሥራ አንጀምርም ነበር። የምለው የሞዴሉ ስም፣ የመዝጊያው ምት ቍጥርና የዋስትናው ጊዜ በደረሰኙ ላይ ይስፈር ነው። የንግድ ምክር ቤታችን ይህን የደረሰኝ አሠራር ለአባሎቹ ቢያሳስብ የሚያስወጣው አንድ መስመር ቀለም ብቻ ነው።

ስለ ሌንስም ጥቂት ልበል። ባለሙያው የሚያገባው ሌንሱን ነው፤ ካሜራው ይመጣል ይሄዳል። ካኖን በ1987 እ.ኤ.አ. የሌንስ መግጠሚያውን ሲለውጥ የቀድሞ ሌንስ የነበራቸው ሰዎች በጣም ተበሳጭተው ነበር። አሁን መስተዋት ወደሌላቸው፣ ሚረርለስ ወደሚባሉት ካሜራዎች ሲሻገር ግን የቀድሞው ሌንስ በአዳፕተር ገጥሞ ኦቶፎከሱ በሚገባ ይሠራል። የካኖን ሌንስ ያለው ሰው ሶኒ ይሻላል ሲባል ሰምቶ ሁሉን ሸጦ እንዲለውጥ የሚመክር ሻጭ የራሱን ትርፍ እንጂ የደንበኛውን አላሰበም። የኒኮን ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ ሞተር የሌላቸው የቀድሞ የኒኮን ሌንሶች በፋብሪካው አዳፕተር ላይ ይገጥማሉ፣ ኦቶፎከስ ግን አይሠሩም። ባዶ እጁን ለሚጀምር ወጣት እኔ ሶኒን አስቀድማለሁ፤ ሶኒ በ2011 እ.ኤ.አ. የመግጠሚያውን አሠራር ለሌሎች ፋብሪካዎች ስለ ከፈተ ርካሽ ሌንስ በብዛት ይገኝለታል። ካኖን በአዲሱ መግጠሚያው ለእነ ሲግማና ታምሮን ኦቶፎከስ ሌንሶች በር የከፈተው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያውም ለአነስተኛው ሴንሰር።

በመጨረሻ የባትሪው ነገር አለ፤ ስለ እርሱ ማንም አይከራከርም። በፋብሪካዎቹ መለኪያ መሠረት የኒኮን ዲ750 በአንድ ባትሪ 1,230 ፎቶግራፍ ሲያነሣ፣ የሶኒ ኤ7 ማርክ 3 710፣ የካኖን አር ደግሞ 370 ብቻ ያነሣል። መብራት ጠፍቶ በሚውልበት ገጠር ሠርግ ለማንሣት የሚሄድ ሰው አዲሱን ካሜራ በአንድ ባትሪ ከተሸጠለት እስከ ቀትር እንኳ አያደርሰውም። አስመጪዎቻችን ለጥር የሚሆነውን ዕቃ የሚያዝዙት ከመስከረም ጀምሮ ስለ ሆነ፣ ለእያንዳንዱ ሚረርለስ ካሜራ ሁለት ትርፍ ባትሪ ከፋብሪካው አብረው እንዲያዝዙ፣ ዋጋውንም ከካሜራው ዋጋ ጋር አንድ አድርገው እንዲያስታውቁ እጠይቃለሁ።