ቴሌስኮፑ ብቻውን አይናገርም

የጀምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ፎቶዎች በቴሌግራም ሲዘዋወሩ ሁላችንም አይተናል፤ አጋርተናልም። እኛ ግን ማንም የማያጋራው፣ አንድ የተጣመመ መስመር ብቻ የሚታይበት ግራፍ የበለጠ ይነግረናል ባዮች ነን።

በከዋክብት መካከል ባሉት ጨለማ ደመናዎች ውስጥ ሙቀቱ 10 ኬልቪን አካባቢ ነው፤ ከዜሮ በታች 263 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆኑ ነው። እዚያ በሚንሳፈፈው ደቃቅ ብናኝ ላይ ውሃ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ አሞኒያ፣ ሚቴንና ሜታኖል በረዶ ሆነው ይለጠፋሉ። ከደመናው ጀርባ የሚመጣው የኮከብ ብርሃን በበረዶው ሲያልፍ እያንዳንዱ ሞለኪውል የየራሱን የኢንፍራሬድ ድርሻ ይውጣል፤ መስመሩም እዚያ ላይ ይሰረጉዳል። ውሃ 3 ማይክሮሜትር አካባቢ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 4.27 ላይ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ 4.67 ላይ።

ስርጉዱ የማን እንደሆነ ግን በምን ይታወቃል? በረዶውን እዚሁ ምድር ላይ ሠርቶ በማየት ነው። አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ዕቃ ውስጥ አንዲት ትንሽ መስኮት በሂሊየም ማቀዝቀዣ እስከ 10 ኬልቪን ትወርዳለች። ጋዝ በቀስታ ይለቀቅባታል፣ በረዶ ይይዛታል፣ ኢንፍራሬድ ያልፍባታል። ከዚያ በጥቂቱ ያሞቁታል፤ ይለካሉ። ቅልቅሉን ይቀይራሉ፤ እንደገና ይለካሉ። አሰልቺ ነው፣ አንደብቅም። ነገር ግን የስርጉዱ ቅርጽ በሙቀትና አብረው ባሉት ሞለኪውሎች ስለሚለወጥ፣ በረዶው ቀድሞ ሞቆ እንደነበር እንኳ ከመስመሩ ይነበባል። በኔዘርላንድስ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ያለው ቤተ ሙከራ ይህን ሥራ የያዘው ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው።

ሜታኖልን እንውሰድ። በጋዝ መልክ በሚካሄድ አፀግብሮት ብቻ በኅዋ የሚታየውን ያህል ሊፈጠር አይችልም። በ2002 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በቀዘቀዘ ካርቦን ሞኖክሳይድ ላይ የሃይድሮጅን አቶሞችን ሲለቁ ፎርማልዲሃይድና ሜታኖል ተፈጠሩ። ይህን መልስ የሰጠው ቴሌስኮፕ ሳይሆን ቤተ ሙከራ ነው።

«የሕይወት ንጥረ ነገር በኅዋ ተገኘ» የሚል ርዕስ ሲመጣ ከማጋራታችን በፊት ቆም እንበል የምንለውም ለዚህ ነው። በዚያው በ2002 ሁለት ቡድኖች መሰል በረዶ ላይ አልትራቫዮሌት ጨረር አብርተው አሚኖ አሲዶች አግኝተዋል፤ ያገኙት ግን በቤተ ሙከራቸው ነው። በደመናዎቹ በረዶ ውስጥ አየናቸው ማለት ሌላ ጉዳይ ነው። የትልልቅ ሞለኪውሎች ስርጉዶች ይደራረባሉ፤ ለመለየት ብዙ ንጽጽር ይጠይቃል። በጥር 2023 ይፋ በሆነው የካሜሊዮን ደመና ጥናት ውስጥ እንኳ ተመራማሪዎቹ ስለ ትልልቆቹ የተናገሩት በጥንቃቄ ነበር።

የኬሚስትሪና የፊዚክስ ተማሪዎቻችን የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ስትፈልጉ ይህንን አስቡበት። ማቀዝቀዣው እኛ ጋ የለም። የላይደን የበረዶ ስፔክትረም ክምችት ግን በነፃ ይወርዳል፤ የጀምስ ዌብ መረጃም እንዲሁ። ሁለቱን ለማነጻጸር ላፕቶፕና ትዕግሥት ይበቃል።