ያ ቁጥር የማን ነው?

በሹፌሩ በር ጠርዝ የተለጠፈው የንፋስ ልክ የሚናገረው ፋብሪካው ስለገጠመው ጎማ ነው። ቸርኬውን ለውበት ሲል ከ14 ኢንች ወደ 16 ያሳደገ ሰው ያንኑ ቁጥር ለጎሚስታው ሲያነብ፣ በተዘጋ ሒሳብ ገንዘብ ሊያወጣ የመጣ ደንበኛ ይመስለኛል (በመስኮቴ አይቻለሁና)። አዲሱ ጎማ ጎኑ አጭር፣ የሚይዘው አየርም ጥቂት ነው፤ የቀድሞውን ሸክም ለመቻል ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ ግፊት ይሻል። ልኩ የሚገኘው የጎማው አምራች ከሚያወጣው የጭነት ሠንጠረዥ ነው፤ በጎማው ጎን የታተመው ጣሪያው እንጂ ልኩ አይደለም። የሚለካውም በማለዳ፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው።

ይህን የምጽፈው አዋቂ ሆኜ አይደለም። ባለፈው ዓመት በበሩ ቁጥር አስሞልቼ፣ ዓባይ በረሃን ተሻግሬ ደጀን ስደርስ የኋላውን ጎማ ዳሰስሁት፤ መዳፌን አቃጠለኝ። ከዚያ ጎማ በላይ ልጄ ተኝታ ነበር።