ቀይ ቀበሮ ሰባት ቤት ሲቆጥር

በዚህ ወር ከልጆቻችሁ ጋር አብራችሁ የምታነቡት የአገር ቤት ጉዳይ ይዘን መጥተናል። መጨረሻው ላይ ደግሞ ወጥ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሙከራ አለ፤ ልጆች፣ እዚያ ለመድረስ አትቸኩሉ!

ጉዳዩ ከስም ይጀምራል። ልጃችሁ ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት የእንስሳት መጽሐፍ ተውሶ ቢመጣና የኢትዮጵያ ገጽ ላይ ቢደርስ፣ እግሩ ረዘም ያለ፣ ጸጉሩ ቀይ፣ ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ የሆነ እንስሳ ያገኛል። መጽሐፉ «የኢትዮጵያ ተኩላ» ይለዋል። እናንተ ደግሞ «ይሄማ ቀይ ቀበሮ ነው» ትላላችሁ። ልጁ ግራ ይገባዋል፤ ቀበሮ ነው ወይስ ተኩላ? በነገራችን ላይ የቆዩ የእንግሊዝኛ መጻሕፍትም «የስሜን ቀበሮ» ይሉት ነበርና አማርኛችን ብቻውን አልነበረም። ክርክሩን የፈታው የእንስሳው መልክ ሳይሆን በውስጡ ያለው ዲኤንኤ ነው።

በአራት ፊደል የተጻፈ መጽሐፍ

ልጆች፣ ዲኤንኤ ማለት በእያንዳንዱ ሕያው ነገር ሕዋስ ውስጥ የተቀመጠ ረጅም ጽሑፍ ነው በሉ። የእኛ የፊደል ገበታ ከ200 በላይ ፊደላት አሉት። ዲኤንኤ ግን የሚጽፈው በአራት ብቻ ነው! በእነዚያ አራት ፊደላት ጸጉር ምን ዓይነት ቀለም እንደሚኖረው፣ እግር ምን ያህል እንደሚረዝም፣ ሌላም ብዙ ነገር ተጽፏል። ልጅ ግማሹን ከእናቱ፣ ግማሹን ከአባቱ ይቀዳል። ሲቀዳ ደግሞ አልፎ አልፎ አንዲት ፊደል ትሳሳታለች። ሁለት እንስሳት የቅርብ ዘመድ ከሆኑ ጽሑፋቸው በጣም ይመሳሰላል፤ ዝምድናቸው እየራቀ ሲሄድ ልዩነቱ እየበዛ ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ አንድ ጥናት የባሌ ተራሮችን ቀይ ቀበሮዎች ዲኤንኤ ከሌሎች ዘመዶቻቸው ጋር አስተያየ። ውጤቱ ምን መሰላችሁ? ቀይ ቀበሮ ከአፍሪካ ቀበሮዎች ይልቅ ለአውሮፓና ለአሜሪካ ግራጫ ተኩላ የቀረበ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ዛሬ ልጃችሁ «መጽሐፉ ልክ ነው ወይስ እማዬ?» ብሎ ቢጠይቃችሁ፣ «በዘሩ የተኩላ ወገን ነው፤ በአማርኛ ስሙ ግን ቀይ ቀበሮ ነው» በሉት። ሁለቱም ልክ ናቸው።

የአባት ስም፣ የእናት ዲኤንኤ

እኛ ስም የምንቆጥረው በአባት ነው፤ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። በሕዋሳችን ውስጥ ግን በተቃራኒው የሚሄድ አንድ ትንሽ የዲኤንኤ ቁራጭ አለ። እሱ ከእናት ብቻ ነው የሚወረሰው። ያ ቁራጭ ስም ቢኖረው ኖሮ የሚጠራው በእናት፣ በሴት አያትና በቅድመ አያት ነበር። ወንድ ልጅም ከእናቱ ይወርሰዋል፤ ለልጆቹ ግን አያስተላልፈውም።

ይህ ቁራጭ ለተመራማሪዎች ትልቅ ነገር ገለጠላቸው። በባሌ ምዕራባዊ ክፍል፣ በዌብ ሸለቆ፣ መልካቸው ትንሽ ለየት ያለ ቀበሮዎች ይታዩ ነበር። የእናት ዲኤንኤአቸው ሲታይ የቀይ ቀበሮ ነው። የቀረው ዲኤንኤአቸው ሲታይ ግን የቤት ውሻ ምልክት አለበት። እንግዲህ እናት ቀይ ቀበሮ፣ አባት ውሻ ማለት ነው። ይህን የተናገረው ዲኤንኤው ነው።

«ቢዳቀሉ ምን ችግር አለው?» ትሉ ይሆናል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው በኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ ለአካለ መጠን የደረሱት ደግሞ ከ500 በታች ናቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ውስጥ ሲኖሩ፣ የቀሩት በአርሲ፣ በመንዝ ጓሳ፣ በወሎና በስሜን ተራሮች ተበታትነው ይገኛሉ። ውሻው ግን በየቤቱ አለ። ጥቂት ወተት ላይ በየቀኑ ውሃ ቢጨመርበት በመጨረሻ ወተት የሚባል ነገር አይቀርም፤ ውሃውን መልሶ ማውጣትም አይቻልም። የተፈራው ይኸው ነው።

ሰባት ቤት መቁጠር

አገር ቤት ሁለት ወጣቶች ሊጋቡ ሲሉ ሽማግሌዎች ዘር ይቆጥራሉ፤ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና እንዳይኖር። ቀይ ቀበሮም የራሷ አቆጣጠር አላት። ቀይ ቀበሮዎች ፍልፈልና አይጥ የሚያድኑት ለየብቻቸው ቢሆንም የሚኖሩት በቤተሰብ ነው። ወንዶቹ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው የተወለዱበት መንጋ ውስጥ ይቀራሉ። ታዲያ ሴቷ ከማን ትገናኝ? በመንጋው ውስጥ ያሉት ወንድሞቿና አጎቶቿ ናቸው። ባሌ ላይ ለዓመታት የተከታተሏቸው ተመራማሪዎች እንዳዩት፣ ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ የምትመርጠው የጎረቤት መንጋ ወንዶችን ነው። አንዳንድ ሴቶች ደግሞ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ከቤታቸው ወጥተው ሌላ ቦታ ይፈልጋሉ።

ግን አስቡት፤ ሰባት ቤት ለመቁጠር መጀመሪያ ብዙ ቤት መኖር አለበት። አንድ ተራራ ላይ 20 ወይም 30 ቀበሮ ብቻ ከቀረና ዙሪያውን ደጋው ሁሉ ከታረሰ፣ የጎረቤት መንጋ ከየት ይመጣል? ዘመድ ከዘመድ መዋለድ ይጀምራል፤ የዲኤንኤው ልዩ ልዩነት እያነሰ ይሄዳል። በሽታ ሲመጣ አንዱን የጣለው ሁሉንም ይጥላል። ዲኤንኤ ማንበብ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የትኛው ተራራ ላይ ያሉት ከሌላው እንደተቆራረጡና ለየትኛው ቶሎ መድረስ እንደሚገባ ያሳያል።

ካካ ያወራል!

ልጆች፣ ይህ የእናንተ ክፍል ነው። ዱር ውስጥ የሚኖረውን እንስሳ ዲኤንኤ እንዴት እናግኝ? መያዝ ከባድ ነው፤ እንስሳውም ይደነግጣል። አንዳንዴ ግን መያዝ አያስፈልግም፤ መንገድ ላይ የጣለው ዓይነ ምድር ይበቃል። አዎ፣ ካካ ነው ያልነው! ዓይነ ምድሩ በአንጀት ሲያልፍ የአንጀት ሕዋሳት ይጣበቁበታል፤ እነሱ ውስጥ ዲኤንኤ አለ። የወደቀ ጸጉርም እንዲሁ ያገለግላል።

የሚገኘው ዲኤንኤ በጣም ትንሽ ስለሆነ መባዛት አለበት። ማባዣው ዘዴ ፒሲአር ይባላል። እናንተም ታውቁታላችሁ! በኮቪድ ጊዜ አፍንጫችን ውስጥ እንጨት እየከተቱ ያደረጉልን ያ ምርመራ ነው። አንዱን ቅጂ ሁለት፣ ሁለቱን አራት፣ አራቱን ስምንት እያደረገ ማንበብ እስኪቻል ድረስ ያበዛዋል። እስቲ በየጊዜው በእጥፍ እያሳደጋችሁ አሥር ጊዜ አባዙ። ስንት ደረሳችሁ? (መልሱ 1,024 ነው።)

በዲኤንኤ የተገኘ ሌላም ድንቅ ነገር አለ። በደጋው አካባቢ ሰው ለዘመናት «ተራ ቀበሮ» እያለ የሚያልፈው አንድ እንስሳ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የኦስሎና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ያሉበት ቡድን ዲኤንኤውን ሲያነብ የተኩላ ወገን ሆኖ አገኘው። ዛሬ «የአፍሪካ ተኩላ» ይባላል። ከዚያ በኋላ የወጣ ጥናት ደግሞ ይህ ተኩላ ራሱ ከድሮ ቅልቅል የመጣ መሆኑን አሳየ፤ አብዛኛው ዘሩ ከግራጫ ተኩላ፣ ከሩብ ትንሽ ከፍ የሚለው ደግሞ ከቀይ ቀበሮ ወገን ነው። ለካስ ዓይናችን ሥር ይኖር የነበረው ዘመድ ነው!

ወላጆች፣ ይህ ለእናንተ ነው

ከቀይ ቀበሮ ትልልቅ ጠላቶች አንዱ የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ የሚመጣበትም ከቤት ውሾች ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በዌብ ሸለቆ ወረርሽኝ ተነሥቶ ከሸለቆው ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስት እጅ የሚሆኑትን ገደለ። ወደ ሌሎቹ ሸለቆዎች እንዳይዛመት፣ መገናኛው ላይ ያሉት ቀበሮዎች እየተያዙ ተከተቡ፤ ወረርሽኙም ቆመ። ሁሉንም መከተብ አላስፈለገም። ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ ማወቅ ብዙ ሕይወት ያተርፋል ማለት ይህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የሚሠራው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በተራሮቹ ዙሪያ ያሉትን ውሾች እየከተበ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ደግሞ ለቀበሮዎቹ በሥጋ ውስጥ የተደበቀ የአፍ ክትባት መስጠት ተጀምሯል። እረኛው ያለ ውሻ ከብቱን ከጅብ ሊጠብቅ አይችልምና «ውሻህን ተው» አይባልም። «ውሻህን አስከትብ» ግን ይባላል።

ይህ በሽታ ለሰውም ያው ነው። በክረምቱ ዕረፍት ልጆቻችሁን ይዛችሁ አገር ቤት ልትሄዱ ካሰባችሁ ይህን ያዙ። ልጆች እዚህ የለመዱት የተከተበ ውሻ ነውና መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ ሊያሻሹ ይሮጣሉ፤ ሳይሄዱ በፊት ንገሯቸው። ስለ ቅድመ ጉዞ ክትባት ሐኪማችሁን ጠይቁ። ውሻ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና ያኑ ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ። «እስቲ እንየው» ማለት አይሠራም፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። በጊዜው ከተከተቡ ግን ይድናል።

የወጥ ቤት ሙከራ፤ ዲኤንኤ በዓይናችሁ እዩ

የሚያስፈልገው፦ ሦስት እንጆሪ፣ ግማሽ ኩባያ ውሃ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል (ፍሪዘር ውስጥ በደንብ የቀዘቀዘ)፣ የሚዘጋ ላስቲክ ከረጢት፣ የቡና ማጣሪያ ወረቀት ወይም ስስ ጨርቅ።

1. እንጆሪውን ከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ በእጃችሁ ጨፍልቁት።
2. ውሃውን፣ ሳሙናውንና ጨውን ቀላቅላችሁ ጨምሩበት። አረፋ እንዳይበዛ ቀስ ብላችሁ አሹት።
3. በማጣሪያው አጣርታችሁ ቀዩን ፈሳሽ ብርጭቆ ውስጥ አስቀምጡ።
4. ትልቅ ሰው የፈሳሹን ያህል ቀዝቃዛ አልኮል በብርጭቆው ጠርዝ ቀስ አድርጎ ያፍስስበት። አትበጥብጡት።
5. ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ከቀዩ በላይ እንደ ጥጥ ነጭ ነገር ብቅ ይላል። በእንጨት ጠምጥማችሁ አውጡት፤ ዲኤንኤ እሱ ነው።

ሳሙናው የሕዋሱን ሽፋን ያፈርሳል፣ ጨውና አልኮሉ ደግሞ ዲኤንኤው ተሰብስቦ እንዲታይ ያደርጉታል። እንጆሪ የተመረጠው የዲኤንኤ ጥራዙ ስምንት ስምንት ስለሆነ ነው፤ የእኛ ሁለት ሁለት ነው። ማሳሰቢያ፦ አልኮል በእሳት ይቀጣጠላልና ምድጃ ወይም የቡና ከሰል አጠገብ አትሥሩ። የተሠራውን ማንም እንዳይቀምስ!

የቤት ሥራ፦ ልጆች፣ ዛሬ ማታ ሁለት ዝርዝር ጻፉ። በአንዱ የራሳችሁን ስም፣ የአባታችሁን፣ የአያታችሁን፣ እያላችሁ እስከምትችሉት ድረስ ሂዱ። በሁለተኛው የእናታችሁን፣ የእናታችሁን እናት፣ የሷን እናት ጻፉ። ሁለተኛው ዝርዝር ቶሎ ከቆመባችሁ ወደ አገር ቤት ደውሉና አያታችሁን ጠይቁ። እሳቸውም ደስ ይላቸዋል።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ሰላም ሁኑ።