ጣት ሳይጣመም

ጠዋት ሲነሡ እጃቸው አልታዘዝ የሚላቸው ብዙ እናቶች አሉን። ጣታቸው አልጨበጥ ይላል፤ ጀበና ለማንሣት ሁለት እጅ ይፈልጋሉ፤ ሊጡን ለማቡካት ፀሐይ እስኪሞቅ ይጠብቃሉ። ሲጠየቁ መልሳቸው አጭር ነው፦ «ቁርጥማት ነው፣ ብርድ መትቶኝ ነው።»

ብርድ ሕመም ሊያባብስ ይችላል። ነገር ግን የሁለቱም እጅ የጣት አንጓዎች አብረው ሲያብጡና ሲሞቁ፣ የጠዋቱ ድርቀት ሰዓት ሲያልፈው፣ ይህም ለሳምንታት ሲዘልቅ ሩማቶይድ አርትራይተስ መጠርጠር አለበት። ከበሽታ ሊጠብቀን የሚገባው የሰውነት መከላከያ ዞሮ የገዛ መገጣጠሚያችንን የሚያጠቃበት፣ ውሎ አድሮም አጥንት የሚበላ ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ዙሪያ 18 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ እንደነበር ይገምታል። 70 በመቶ ያህሉ ሴቶች ናቸው።

ከዚህ ሕመም የምርምር ታሪክ እኔን ከሁሉ የሚይዘኝ የፊሊፕ ሄንች ነገር ነው። በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ማዮ ክሊኒክ ይሠራ የነበረው ይህ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1929 አንድ ታማሚ የወፍ በሽታ ሲይዘው የመገጣጠሚያ ሕመሙ ሲቀልለት አየ። ያረገዙ ሴቶችም እንደዚሁ ይሻላቸው ነበር። ሌላው አይቶ የሚያልፈውን እሱ አጥብቆ ያዘው፤ ሕመሙን የሚያስታግስ ነገር እዚያው ሰውነት ውስጥ አለ ብሎ አመነ። ፍለጋው ሃያ ዓመት ገደማ ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1948 ባልደረባው ኤድዋርድ ኬንዳል ከአድሬናል ዕጢ የለየው ንጥረ ነገር በሕመሙ ብዛት መንቀሳቀስ ላቃታት የ29 ዓመት ሴት በመርፌ ተሰጠ። በቀናት ውስጥ ተነሥታ ተራመደች። መድኃኒቱ ኮርቲሶን ተባለ፤ ሁለቱ ሰዎችም ከሌላው ተመራማሪ ከታዴዎስ ራይክሽታይን ጋር እ.ኤ.አ. በ1950 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ለረጅም ጊዜ የወሰዱት ፊታቸው አበጠ፣ አጥንታቸው ሳሳ፣ ስኳርና ደም ግፊት ተከተላቸው። እኛ ዘንድ ይህ ታሪክ ዛሬም እየተደገመ ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የኮርቲሶን ዘመዶች የሆኑትን ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታሶን ገዝቶ የሚውጥ ሰው በማግስቱ ቀና ብሎ ሲሄድ የዳነ ይመስለዋል። ለወራት ከወሰደው በኋላ በድንገት ሲያቋርጠው ደግሞ ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል። ፍል ውሃ የሚሰጠውን እፎይታ አልነቅፍም፤ ሙቀት ያሳርፋል፤ አጥንቱን የሚበላውን ነገር ግን አያስቆምም።

የሚገታው መድኃኒት አለ፤ ውድም አይደለም። ሜቶትሬክሴት አስቀድሞ ለካንሰር የተሠራ ነው፤ በአነስተኛ መጠን ሲሰጥ ለሩማቶይድ እንደሚሠራ በጥናት ተረጋግጦ እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ ለዚሁ ሕመም ተፈቀደ። የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በስሕተት በየቀኑ ወስደው የሞቱ ሰዎች አሉ፤ ስለዚህ መድኃኒቱን የሚሰጠው ባለሙያ ለታማሚው ቀኑን በስሙ ጠርቶ ሊነግረው ይገባል። ጉበትና ደም በየጊዜው ይመረመራል፤ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎቹ ራቪንደር ማይኒና ማርክ ፌልድማን ለንደን ውስጥ ያስጀመሯቸው አዳዲስ መርፌዎች የብዙዎችን ሕይወት ለውጠዋል። ሆኖም ዋጋቸው ከባድ ነው፤ ተደብቆ የኖረ ቲቢንም ሊቀሰቅሱ ይችላሉ።

ምርምሩ ደጋግሞ ያረጋገጠው አንድ ነገር አለ፦ ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲጀመር መገጣጠሚያው ይተርፋል፤ አንዴ የተበላ አጥንት ግን አይመለስም። እኛ ደግሞ የምናባክነው እነዚያኑ ወራት ነው። በዚህ ሕመም የሠለጠኑ ልዩ ሐኪሞች በጣም ጥቂት ስለሆኑ ሁሉም እነሱ ዘንድ ይድረስ ማለት አይቻልም። የጤና ጣቢያ ነርስ ግን የታማሚዋን እጅ ይዛ የጣቶቹን ሥር ከግራና ከቀኝ ቀስ አድርጋ ልትጫን፣ ሲያማትም ማስታገሻውን ዲክሎፌናክ ሰጥታ ከመሸኘት ይልቅ ወደ ሆስፒታል ልትልካት ትችላለች። ይህ በሥልጠናቸው ውስጥ ይግባ። የተላከችበት ሆስፒታል መድኃኒት ቤትም ሜቶትሬክሴቱ ዓመቱን ሙሉ አይጥፋ።