ቲማቲሙ በሜዳ፣ ድልሁ በቆርቆሮ

በመጋቢት ወር ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው የጉማራን ድልድይ ካለፈ እስከ ርብ ወንዝ ድረስ ዓይኑ ከቀይ ነገር አያርፍም። የመስኖ ቲማቲም ባንዴ የሚደርስበት ወቅት ነው። በእንጨት ሣጥን የታጨቀው ቲማቲም መንገድ ዳር ተደርድሮ መኪና ይጠብቃል። ከዋንዛዬ ፍል ውሃ የሚመለሰው መንገደኛ ሳይቀር ወርዶ በፌስታል ይዞ ይሄዳል። መኪናው ከመጣ ገበሬው ደላላው የቆረጠለትን ዋጋ ይቀበላል። ካልመጣ፣ ወይም ባለፉት ዓመታት ደጋግሞ እንደታየው በጸጥታው ምክንያት መንገዱ ከተዘጋ፣ ቲማቲሙ ብዙ ቀን አይቆይም። ከሥር ያለው ይፈርጣል፣ ውሃው ይንጠባጠባል፣ ዝንቡ ይሰፍርበታል፤ ከዚያ በኋላ ለከብት ነው።

እዚያው ወረታ ከተማ ገባ ብለው አንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ቢያዩ ደግሞ የቲማቲም ድልህ በቆርቆሮ ታሽጎ ተደርድሯል። ስሙ ለብዙ ዘመን የድልህ መጠሪያ ሆኖ የኖረው መርቲ ያለው በአዋሽ ሸለቆ ነው፤ ሌላው ደግሞ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ምን እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ይህን ቆርቆሮ የሚገዛው ማን ነው ቢሉ፣ መምህሩ ነው፣ ምግብ ቤት የከፈተችው ሴት ናት፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ያችው ቲማቲሙን ለከብት የደፋችው የገበሬ ባለቤት ናት። በበጋ በርካሽ ያስረከብነውን፣ ካልሆነም የጣልነውን፣ በክረምት በቆርቆሮ መልሰን በውድ እንገዛዋለን።

ይህ የፎገራ ሜዳ አዲስ ሰብል መቀበል የሚቸግረው አገር ቢሆን ነገሩ ባልደነቀኝ ነበር። ሩዝን ያስታውሱ። ክረምት በመጣ ቁጥር ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ውሃ ያለብሱታል፤ ለጤፍ የማይመች፣ ከከብት ግጦሽ ያለፈ ብዙ የማይታሰብበት ረግረግ ነበር። በ1970ዎቹ፣ በደርግ ዘመን፣ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ በጅግናና በሻጋ የአምራች ገበሬዎች ማኅበራት ሩዝ ተሞከረ። ዛሬ ያ ረግረግ የአገሪቱ የሩዝ እምብርት ነው። ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ በየማሳው ተዘርቷል፣ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ወረታ ላይ ተተክሏል፣ የሩዝ ወፍጮው በከተማው ዳርና ዳር ሲያጓራ ይውላል።

ሩዙን እዚህ አገር ያጸናው ግን ማሳው ብቻ አይመስለኝም። ጓዳውም ነው። ንጹሕ የሩዝ እንጀራ በማግስቱ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል። የፎገራ ሴቶች ከጤፉ ጋር ምን ያህል ቢደባለቅ ልስላሴው እንደሚቆይ በየምጣዳቸው ፈትነው ደረሱበት። ጠላ ጠመቁበት፣ አረቄ አወጡበት፣ ገለባውን ለላሙና ለበሬው ሰጡት። ሪፖርት የጻፈበት አልነበረም፣ በጀትም አልተያዘለትም። አንዲት ሴት ለጎረቤቷ፣ ጎረቤቷ ለምራቷ እያለች ነው የተዳረሰው። በዚህም ምክንያት የሩዝ ዋጋ ቢወድቅ ገበሬው ቢያንስ ይበላዋል፤ በጎተራ አኑሮ ደህና ቀን ይጠብቃል።

ቲማቲምና ሽንኩርት ግን በውሃ መሳቢያ ሞተር ታግዘው ማሳ ገቡ እንጂ ጓዳ አልገቡም። በየዕለቱ ወጥ ውስጥ መጨመራቸው ሌላ ነገር ነው። ለነገ የሚቆዩበት ባልትና አልተበጀላቸውም።

የማቆየት ጥበብ ጎድሎን ግን አይደለም። ለጋ ቅቤ በኮረሪማ፣ በኮሰረት፣ በአብሽና በበሶብላ ሲነጠር ውሃው ይተናል፣ ዝቃጩ ከሥር ይቀራል፣ ከላይ የተቀዳው ጥርት ያለ ቅቤ ከዓመት ዓመት ይደርሳል። በርበሬው ይቀነጠሳል፣ ይደለዛል፣ ይሰጣል፣ ይፈጫል። ሥጋው ቋንጣ፣ የተረፈው እንጀራ ድርቆሽ፣ ገብሱ በሶ ይሆናል። ዓሣ እንኳ ከጣና ወጥቶ፣ ተሰንጥቆና ደርቆ፣ በመተማ በኩል ሱዳን ሲሻገር ኖሯል። የሁሉም ብልሃት አንድ ነው፤ ውሃውን ማውጣት፣ ጨው ወይም ቅመም ማስገባት፣ ከእርጥበት መጠበቅ። ይህን የሚያውቅ ጓዳ በቲማቲም ፊት እጁን አጣጥፎ መቀመጡ ነው የሚገርመኝ።

ሁሉም ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ወረታ ውስጥ አንድ ግቢ በር ላይ፣ ከተሰጣው በርበሬ ጎን፣ በሰፌድ የተደረደረ ሌላ ቀይ ነገር አየሁ። እናትየዋ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቢላዋቸውን ይዘው ቲማቲም ይሰነጥቃሉ።

«እትዬ፣ ይኼ ደግሞ ምን ሊሆን ነው?» አልኳቸው።

«ለፍልሰታ ነዋ!» አሉኝ እጃቸውን ከሥራው ሳያነሱ። «ነሐሴ ላይ ቲማቲም ማን ይደፍራታል? ያኔ ከዚህ ሁለት ማንኪያ ሽሮው ላይ ጣል ማድረግ ነው።»

ብልሃቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቲማቲም የሚረክሰው ፀሐይ በምትከርበት በበጋው መጨረሻ ነው፤ የሚወደደው ደግሞ ሜዳው ውሃ በሚተኛበት፣ የፍልሰታም ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 በሚጾምበት ጊዜ ነው። ማድረቂያው ፀሐይና ርካሹ ቲማቲም በአንድ ወቅት መገናኘታቸው ትልቅ ዕድል ነው።

እትዬ ሲሠሩ ቆሜ አየሁ። ረዘምዘም ያለውን፣ ጠጠር ያለውን ይመርጣሉ፤ ውሃው ያነሰ ነውና። የላላውንና የቆሰለውን ለዕለቱ ወጥ ለይተው ያስቀምጡታል። ይታጠባል፣ ለአራት ይሰነጠቃል፣ ፍሬና ውሃው በአውራ ጣት ተገፍቶ ይወጣል፣ ጨው ነስነስ ይደረግበታል፣ ቆዳው ወደ ታች ሆኖ ይደረደራል። ከላይ ስስ ሻሽ ይለብሳል፤ ለዝንቡም ለአቧራውም። ማታ ማታ ጤዛ እንዳያገኘው ወደ ቤት ይገባል። ለመሰብሰብ የሚቸኩሉ ሰዎች የሚሳሳቱት ደረቀ ብለው ሳይደርቅ ሲያነሡት ነው። ሲታጠፍ የሚለጠጥ ከሆነ ገና ነው፤ ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት። ከዚያ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ ክዳኑ በሚጠብቅ ደረቅ ጠርሙስ ይቀመጣል። ፌስታል እርጥበት ያፍናል። ሻጋታ የታየበትን ደግሞ ቆርጦ ቀሪውን ማትረፍ አይገባም። በበርበሬና በለውዝ የሚታወቀው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ከሻጋታ የሚመጣ ነው፣ ወጥ ውስጥ ቢንተከተክም አይጠፋም።

ሂሳቡን በግልጽ እንየው። ከቲማቲም መቶ እጅ 94ቱ ውሃ ነው። ከ20 ኪሎ ቲማቲም ተጨምቆ፣ ደርቆና ተወቅጦ የሚገኘው አንድ ኪሎ ገደማ ነው። ያንን ያየ ሰው «ለዚህ ነው እንዴ ስንሰነጥቅ የዋልነው?» ቢል አይፈረድበትም። ግን ያ 20 ኪሎ በመጋቢት መጨረሻ ስንት እንደሚያወጣ የወረታ ሰው ያውቃል፤ አንዳንዴ ከተጫነበት ሣጥን ዋጋ አይበልጥም። አንድ ኪሎ ዱቄት ደግሞ በማንኪያ እየተጨለፈ ክረምቱን ያሳልፋል።

አብስሎ በጠርሙስ ማሸግስ? ይቻላል፤ እኔ ግን ለጀማሪ አልመክርም። አንደኛ ከሰል ይፈጃል፤ ድልህ እስኪሆን የሚንተከተክ ድስት የሚበላው ከሰል ያተረፉትን ሊውጠው ይችላል። ሁለተኛ አደጋ አለው። አየር በሌለበት የታሸገ፣ ኮምጣጣነቱ ያነሰ ምግብ ቦቱሊዝም የሚያመጣውን ባክቴሪያ ያራባል። መርዙ ሽታም ጣዕምም ሳይኖረው ሰው ይገድላል። ስለዚህ በየግማሽ ሊትሩ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል የሎሚ ጭማቂ ይገባል፣ ጠርሙሱም በፈላ ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ጠልቆ መቀቀል አለበት። ወረታ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። የባሕር ዳርቻ አገር ሰው የጻፈውን የደቂቃ መጠን እንዳለ መውሰድ አያዋጣም፤ መጨመር ያስፈልጋል። ፀሐይ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ትገላግላለች።

ስለ ሽንኩርት ብዙ አልልም። ችግሩ አንገቱ ሳይደርቅ ተነቅሎ መጫኑ ነው። በጥላ ተበትኖ፣ ቅጠሉ እስኪጠወልግና አንገቱ እስኪጨማደድ ለሳምንት ወይም ለአሥር ቀን ያህል ቢቆይ ቦምቤይ ሬድ የሚባለው ዝርያም ቢሆን ወራት ይቆያል። ለቤቱ የሚያስቀረውን ያህል እንኳ ገበሬው ይህን ቢያደርግ ጥሩ ነበር።

በቤት የተሠራ ነገር ሁሉ ገንዘብ ያድናል የሚለውን ወሬ ግን አልቀበልም። የፈሳሽ ሳሙናን ነገር እንውሰድ። በየሰፈሩ ሰዎች ቴክሳፖን፣ ጨው፣ ሽታና ቀለም ገዝተው በባልዲ ይቀምማሉ። ሥራ ፈጥሮ ከሆነ እሰየው። ለአንድ ቤተሰብ ግን ኬሚካሉ ራሱ ከውጭ የሚገባ፣ ዋጋው ከዶላር ጋር የሚወጣ ስለሆነ የሚተርፈው የጠርሙሱና የማስታወቂያው ዋጋ ብቻ ነው። ይባስ ብለው «ያጠራል» በሚል በረኪናን ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር የሚደባልቁ አሉ። የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፤ ሳንባ ያቃጥላል፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይገድላል።

እንዶድ የተለየ ነገር ነው። ቁጥቋጦው በአጥር ይበቅላል፣ ፍሬው ነጭ ጋቢና ነጠላ በሚገባ ያጥባል፣ ዋጋው ለቀማው ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ውስጥ ወንዝ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነው ለቢልሃርዝያ መከላከያነቱን የደረሱበት፤ ለዚህም ሥራ ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀብለዋል። ቢልሃርዝያ ባለበት በጣና ዙሪያ ይህን ማስታወስ ተገቢ ነው። ያው ቀንድ አውጣውን የሚገድለው እንዶድ ግን ዓሣም ይገድላል፤ እጣቢው ጉማራ ውስጥ ባይደፋ ይመረጣል። ልጅ እንዳይቀምሰውም መጠበቅ ነው። የሩዝ ወፍጮ የሚተፋው ገለፈት አመድም ብረት ድስት ይፈገፍጋል። አብዛኛው ሲሊካ ስለሆነ ግን የተነጠፈ መጥበሻ ይቧጭራል፣ ሲበንም ለሳንባ አይበጅም፤ በውሃ ነክሮ መጠቀም ይሻላል።

እንግዲህ መለያው እንዲህ ነው፤ ደጃችን ላይ የሚበሰብሰውን፣ አጥራችን ላይ የሚበቅለውን ነገር ጓዳ ውስጥ ማዋል ገንዘብ ያድናል። ግብዓቱን ከሱቅ ገዝቶ ቤት ውስጥ ማደባለቅ ብዙ ጊዜ ልፋት ብቻ ነው።

ልፋት ካልን የማንን ልፋት እንደሆነም እንናገር። «በቤት ሥሩ፣ ገንዘብ ቆጥቡ» የሚለው ምክር ሲጨመቅ ብዙ ጊዜ «እናንተ ሴቶች አንድ ሥራ ጨምሩ» ማለት ይሆናል። ውሃ የምትቀዳው እሷ፣ እንጨት የምትለቅመው እሷ፣ ቡና የምታፈላው እሷ፤ አሁን ደግሞ ሃያ ኪሎ ቲማቲም ሰንጥቂ ሊባል ነው። ቲማቲሙን በሞተር ውሃ ያጠጣው፣ በሣጥን ያጨቀው አባወራ ቢላዋ ይዞ ከጎኗ ቢቀመጥ ነውሩ ምኑ ላይ ነው? ዓሣውን ሰንጥቀው የሚያደርቁት ወንዶች አይደሉም ወይ? ለገበያ ሲሆን የወንድ ሙያ፣ ለጓዳ ሲሆን የሴት ግዴታ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ሌላው ትዝብቴ በግብርናው ዘርፍ ላይ ነው። የልማት ሠራተኛው ስለ ዘሩ፣ ስለ ማዳበሪያው፣ ስለ ኬሚካል ርጭቱ ያስተምራል፤ ትምህርቱ ማሳው ዳር ላይ ያበቃል። ምርቱ በዛ ተብሎ በስብሰባ ይጨበጨባል። ያ የበዛው ምርት ሳምንት ሳይሞላ የት እንደገባ ግን የሚጠይቅ የለም። ወረታ የግብርና ኮሌጅ ያለባት ከተማ ናት። የገበሬዎች ማሠልጠኛ ጣቢያዎችም በየቀበሌው ተሠርተዋል፤ ብዙዎቹ ለሠርቶ ማሳያ የሚሆን መሬት አላቸው። የሚቀጥለው ቲማቲም ከመድረሱ በፊት በየጣቢያው አንድ ማድረቂያ አልጋ ቢተከል፣ የበጀት ጥያቄ የሚያስነሣ ነገር አይደለም። አራት የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ ወገብ ድረስ የሚደርስ፣ በላዩ የቀርከሃ ወይም የሸምበቆ ንጣፍ፤ አናጢ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። አሠልጣኝ ካስፈለገም በርበሬ ሰጥተው የሚያውቁ እናቶች ሞልተዋል፤ አበል ቢከፈላቸው ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ይታሰብበት። አካባቢያችን ወባ የሚበዛበት ስለሆነ የአልጋ አጎበር በየቤቱ አለ፣ ለመሸፈኛ ብለው የሚያነሡትም አይጠፉም። አጎበሩ በፀረ ተባይ መድኃኒት የተነከረ ነው፤ ለሚበላ ነገር አይሆንም። ስስ ሻሽ ይበቃል፤ ያረጀ ነጠላም ታጥቦ ያገለግላል።