በሩ የተከፈተ የአትክልት ቦታ

ሰው ሀብት ባገኘ ጊዜ አስቀድሞ የሚያስበው አጥሩን ማጥበቅ ነው። ዳሩ ግን በጃፓን አገር በዮኮሃማ ከተማ ሐራ ቶሚታሮ የሚባል የሐር ነጋዴ ከዚህ የተለየ ሥራ ሠርቷልና፥ ለቤተ ሰብ ትምህርት ይሆናል ብለን ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

ይህ ሰው በሰፊ ርስቱ ላይ ኩሬ አበጅቶ፥ ዛፍና አበባ አስተክሎ፥ ሳንኬኤን የተባለውን የአትክልት ቦታ አዘጋጀ። በ1898 ዓ.ም. የውጭውን ክፍል ለሕዝብ ከፈተ፤ ሀብታሙም ድኻውም ያለ ክፍያ ይገባ ነበር። የውስጡን ክፍል ግን ለቤተ ሰቡ አስቀረ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1457 የተሠራውን ባለ ሦስት ደርብ የእንጨት ሕንፃም ከሩቅ አስመጥቶ በ1914 በኰረብታው ላይ አቆመ። በ1915 ዓ.ም. ዮኮሃማ በምድር መናወጥ በፈረሰች ጊዜም ከተማዪቱን መልሰው ለማቆም ከደከሙት ዋናው እርሱ ነበረ። ከሞተ በኋላ ቦታው በጦርነት ተጐዳ፤ ሆኖም ታድሶ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1958 የውስጡም ክፍል ለሕዝብ ተከፈተ።

በጃፓን የአትክልት ቦታ የሚዘዋወር ሰው ሁሉን በአንድ ጊዜ አያይም። መንገዱ ጠመዝማዛ ስለ ሆነ፥ አንዱ ዛፍ ሌላውን ይሸሽጋል፤ ጥቂት በተራመደ ቍጥር አዲስ ነገር ይገለጥለታል። ድንጋዩም እንደ ተፈጥሮው ይቀመጣል እንጂ በመዶሻ አይስተካከልም። በሩቅ ያለውን ተራራም ከአጥሩ በላይ እንዲታይ አድርገው የአትክልቱ ክፍል ያደርጉታል፤ ይህም ገንዘብ የማያስወጣ ጌጥ ነው።

እንግዲህ የንፋስ መውጫ የቤት ጌታና እመቤት ይህን ቢመለከቱ፥ ከውጭ አገር ዘር መለመን አያስፈልጋቸውም። ከተማው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፥ ስሙም እንደሚናገረው ነፋስ የሚበረታበት ነው። ስለዚህ አስቀድሞ በነፋሱ አቅጣጫ ጽድና ኮሶ ይተከል፤ ከዚያም በተጠለለው ስፍራ ቀጋና ሌላው አበባ ይከተል። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ቢያድግም ውሃ ይጠጣልና ከምንጭና ከአትክልት ይራቅ። ድንጋይ በጋይንት ሞልቷል። የጉና ተራራ በሚታይበት ቦታም መስኮትና መቀመጫ ወደዚያ ቢዞር መልካም ነው።

በሩን የመክፈት ነገርም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በዙሪያው ያለው ደን ተመንጥሮ እርሻ በሆነበት አገር፥ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ዛፍ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ይህም ሁሉ ስለሚገባበትና ሁሉ ስለሚያከብረው ነው። አጥር ብቻውን ዛፍን አይጠብቅም። ጐረቤት በጥላው ካላረፈ፥ ባለቤቱ በሌለ ቀን መጥረቢያ ይዞ የሚመጣውን የሚከለክል አይገኝም።

ጐብኚም ግዴታ አለበት። ልጆቻችን አበባ እንዳይቀጥፉ፥ ከመንገዱ ወጥተው ችግኝ እንዳይረግጡ፥ ሲወጡም ባለቤቱን እንዲያመሰግኑ በቤት ሳሉ ይማሩ። አንድ ልጅ በቀጠፈው አበባ ምክንያት በሩ ለመቶ ልጆች ሊዘጋ ይችላል።

ስለዚህ አቅም ያላችሁ ሁሉ፥ ግቢያችሁን በሙሉ ክፈቱ አንልም፤ የውጭውን ክፍል በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ብትከፍቱ፥ ከእናንተ በኋላ ዛፉን የሚጠብቅ ሰው ታፈራላችሁ።